የማይሞላው ጉድጓድ

ደሊክካያ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1993

ለአክስቴ ልጅ ለነጅደት፣

ሌላውን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። ከፔንሲዮንህ ስር ያለው ዋሻ የአንተ ምድር ቤት አይደለም። የመላው መንደር ምድር ቤት ነው። ከአንተ ግቢ ይጀምራል፣ በመስጊዱ ስር ያልፋል፣ ቁልቁል ወርዶ ታችኛው ሰፈር እናትህ ግቢ ስር ይደርሳል። የፈለፈሉት የጥንት ሰዎች ለአንድ ቤት ብለው አልፈለፈሉትም። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ የገባ ነገር እዚያው አይቀርም። ይህን ከያዝክልኝ የቀረው ይገባሃል።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ዓይኖችህን እስማለሁ፤ ባለቤትህንና ልጆችህን አላህ ይጠብቅልህ። ስለ እኛ ብትጠይቅ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ደረጃ ስወጣ ከሚጮኸው ጉልበቴ በቀር ደህና ነን። የኤርጂየስ ተራራ ገና ነጭ ነው። አፕሪኮቱ አብቧል፤ ውርጭ ካልመታው ዘንድሮ ደህና ፍሬ ይሰጣል።

ለእንግዶች ለምታሳትመው በራሪ ወረቀት የሚሆን ጽሑፍ እንዳዘጋጅልህ ጠይቀኸኛል። «እንደ ትምህርት ቤት ንባብ ጥርት ያለ ይሁን» ነበር ያልከው። ያላየሁትን ስለማልጽፍ ሐሙስ ዕለት አሮጌ ካፖርቴን ለብሼ፣ የእጅ ባትሪዬን ይዤ ወረድኩ። ፔንሲዮኑን የሚያስተዳድርልህ የባለቤትህ ወንድም ዛፈር ከፊት ከፊት ይመራኝ ነበር።

«ራስዎን ዝቅ ያድርጉ መምህር» አለኝ መግቢያው ላይ። «እነዚያ ሰዎች እንደ እርስዎ ቁመት አልነበራቸውም።»

«አጭር ስለነበሩ አይደለም። ጠላት አጎንብሶ እንዲገባ ብለው ነው።»

«ታዲያ እኛ ምን በደልናቸው?» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው እርሱም ግንባሩን ገጨ።

የመጀመሪያው ወለል የከብት ማደሪያ እንደነበር ታስታውሳለህ። ከግድግዳው ተፈልፍለው የወጡት ግርግሞች እንዳሉ ናቸው። በውስጣቸው ግን ድርቆሽ የለም። የቢራ ጠርሙስ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የሕፃን ዳይፐር ሞልቶባቸዋል። ከግርግሞቹ በላይ አንድ ሰው ስሙንና የሚወዳትን ልጅ ስም በምስማር ቀርጿል። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ አምስተኛ ክፍል እኔው አስተምሬዋለሁ። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ልጆቹም የዚያች ልጅ አይደሉም።

ሁለተኛው ወለል ላይ፣ ጣሪያዋ ላይ መስቀል የተቀረጸባት ትንሽዬ የጸሎት ክፍል አለች። የክርስቲያን ነበረች፤ ቢሆንም የጸሎት ቤት የጸሎት ቤት ነው። ጥጓ ላይ ሰው ተጸዳድቶባታል። አንዴ ብቻም አይደለም። ዛፈር ባትሪውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። እኔ መልሼ አዞርኩት፤ ማየት ያለብኝን ልይ ብዬ።

ክቡን የድንጋይ መዝጊያ አልፈን ወደ ሦስተኛው ወለል ስንወርድ ግን ሽታው መጣ። ነጅደት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሽታ አውቃለሁ። ይህ የቆሻሻ መጣያ ሽታ አይደለም። ወፍራም ነው፤ አፍ ውስጥ ገብቶ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ለመደገፍ እጄን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ ድንጋዩ እንደ እርጥብ አይብ ላላብኝ፤ ጣቶቼ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ቀረ።

«ውሻ ሞቶ ይሆናል» አለ ዛፈር።

«አንድ ውሻ?»

«እንግዲህ ቤተሰብ ይኖረዋላ!»

ከዚያ ወዲያ አልወረድኩም። ጣቶቼን የጠረግኩበትን መሀረብ ከማቃጠል በቀር ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

ወጥቼ በቀጥታ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ሳቲ እንደ ሁልጊዜው ከውሃ ጉድጓዷ ቀድታ ሻይ አፈላችልኝ። የቧንቧውን ውሃ አሁንም ወደ አፏ አታስጠጋም፤ «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ነው የምትለው። የራሷ ውሃ ግን ከአምና ጀምሮ «ከበደኝ» ትላለች፤ ሆዷንም ይቆርጣታል። ጤና ጣቢያ ልውሰድሽ ብላት፣ «በሰባ ስምንት ዓመቴ የማይቆርጠኝ ምን ቀረ?» አለችኝ።

ጽሑፉን ከመጀመሬ በፊት ሽታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብኝ። የምታውቀው ነገር ካለ ጻፍልኝ።

ዓይኖችህን የሚስም ወንድምህ፣
ሙአመር


ዱይስቡርግ፣ ሜይ 16 ቀን 1993

ለተከበሩ ጋሼ ሙአመር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጆችዎን ስሜ ግንባሬ ላይ አሳርፋለሁ። አላህ ከራሳችን ላይ አያንሳዎ። ባለቤቴም እጅዎን ትስማለች፤ ልጆቹም ይስማሉ፣ ምንም እንኳ ትልቁ በቱርክኛ ደብዳቤ ጻፍ ሲሉት ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሁሉ ቢጮኽም። እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆት ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ እዚያው ከጎንዎ የወረድኩ መሰለኝ። እንዴት ነው የሚጽፉት ጋሼ! የግርግሙን፣ የክቡን መዝጊያ፣ ያንን ሁሉ እንዳለ ይተዉልኝ። የዳይፐሩንና የጸሎት ቤቷን ነገር ግን እባክዎ ያውጡት። ሰው ቀጥሮ እንዲያስጠርግ ለዛፈር ነግሬዋለሁ። የሽታውም ነገር ቢቀር ይሻላል። ግድ ከሆነ ደግሞ «የጥንት ሽታ» ይበሉት፤ ጀርመኖች ጥንታዊ የሆነ ነገር ሁሉ ደስ ይላቸዋል።

ትልቁን ዜና ልንገርዎ። አንድ የጉዞ ወኪል ኦገስት ላይ መንገደኞች ሊያመጣልን ተስማምቷል። እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ከአንካራ የሚመጣ ቤተሰብ ነበር የሚያድርብን፤ አሁን ግን በአውቶቡስ ነው የሚመጡት! ሠላሳ ዓመት በሰው አገር የብረት ምድጃ ፊት የቆምኩት ለዚህች ቀን ነው። ጡረታዬን ተቀብዬ እመጣለሁ፣ ሰገነቱ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከእርስዎ ጋር ዳማ እጫወታለሁ፤ እርስዎም እንደ ልማድዎ ያሸንፉኛል።

ቤቱ ደግሞ ዕድለኛ ቤት ነው። ዛፈር ነግሮዎታል? ግቢውን ሲቆፍሩ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ የድሮ ጉድጓድ አገኙ፤ ድንጋይ ቢወረውሩበት መሬት ሲነካ አይሰማም። የሽንት ቤቱን ቧንቧ እዚያ ውስጥ ለቀቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሞላም! ጎረቤቶቻችን በየክረምቱ መጣጭ መኪና ሲለምኑ የእኛ እንኳን ሊሞላ እርጥበቱም አይታይ። ዛፈር ሻይ ቤት ገብቶ ሲያወራ በቅናት አበዱ አለኝ። ስምንቱም ክፍሎች የየራሳቸው መታጠቢያ አላቸው፤ ሁሉም ወደዚያው ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። መንደርተኛው እናቴን እንደሚወዳት እንግዶቹም እንዲወዷት እፈልጋለሁ። ዋሻውን አይተው በታችኛው በር ሲወጡ የእርሷ ግቢ ነው። አበባ ያለበትን ሱሪዋን ለብሳ በር ላይ ብትቀመጥና ሻይ ብትቀዳላቸው ምን ይመስልዎታል? ለእኔ እምቢ ትለኛለች፤ እርስዎን ግን ትሰማለች። ሆዷስ እንዴት ሆነ?

እጆችዎን ደግሜ እስማለሁ፣
ነጅደት


ደሊክካያ፣ ጁን 13 ቀን 1993

ለወንድሜ ለነጅደት፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ እኛ ደህና ነን። በዚህ ደብዳቤ ሰላምታው ስላጠረብህ አትቀየመኝ።

ስለማይሞላው ጉድጓድ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የመንደራችንን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሌላው አገር ሰው በፈረሱ ሲኮራ እኛ በሽንት ቤት ጉድጓዳችን እንኮራለን። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ ማንም በዶማ ይቆፍረዋል፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል፣ ይናደዳል፣ ይከፍላል። ስለዚህ ያልሞላለት ሰው አላህ እንደመረቀው ይቆጠራል። ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። እኔም ሻይ ቤት ተቀምጬ ዛፈር ሲፎክር ሰምቼ ሳቅኩ እንጂ አልጠየቅኩም ነበር።

እነሆ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ። ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ከሱቅ ገዛሁ። ፔንሲዮኑ ሄጄ፣ ዛፈር ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ በባልዲ በጥብጬ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋሁት፤ ውሃም አብዝቼ ለቀቅኩበት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ጠበቅኩ። በማግስቱ ምንም የለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እናትህ በሬን አንኳኳች፤ በእጇ የውሃ ብርጭቆ ይዛለች።

«ሙአመር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ እየው። ውሃዬ እንደ ቡዳ መከላከያ ዶቃ ሰማያዊ ሆነልኝ። መልካም ምልክት ነው አይደል?»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ፈዛዛ ሰማያዊ ነበር። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያው ውሃ የፈላ ሻይ ስጠጣ ኖሬአለሁ።

ሆኖም አይቼ እንዳረጋግጥ ዳግመኛ ወረድኩ፤ አፍንጫዬን በኮምጣጤ በነከርኩት ጨርቅ አስሬ። ያ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነው የእናንተ ጉድጓድ የሽንት ቤት ጉድጓድ አይደለም ነጅደት። የዋሻው የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ነው። ሰዎቹ በእርሱ ይተነፍሱ ነበር፤ እግሩ ስር ካለው ውሃ ደግሞ ይቀዱ ነበር። ሦስተኛው ወለል ላይ መስኮት አለው። በዚያ አንገቴን አስገብቼ አየሁ። ከላይ የሚወርደው ነገር ግድግዳውን ይዞ ሲንቆረቆር ከርሟል፤ እንደ ሻማ ሰም ተጋግሮ ተንጠልጥሏል፣ ወረቀትም ጨርቅም አብሮት ደርቋል። ነፍሳት ይርመሰመሱበታል። ከታች ባትሪዬ ውሃ ላይ አረፈ። ውሃው ቆሞ አይደለም፤ ወደ ታችኛው ሰፈር ቀስ እያለ ይንሸራተታል። እዚያው እያየሁ ከላይ አንድ ሰው ውሃ ለቀቀ። ፈጥኜ አንገቴን አወጣሁ፤ ካፖርቴን ግን አላዳንኩትም። ጣልኩት።

ዛፈርን ሰገነቱ ላይ ለብቻው አገኘሁትና ነገርኩት።

«መምህር፣ ድንጋዩ ያጣራዋል» አለኝ።

«ድንጋዩ ካጣራው ሰማያዊው ለምን አላጣራም?»

«እሱ ቀለም ነው፤ ቀለም ቀጭን ነው።»

«ይሄኛውስ ወፍራም ስለሆነ ነው እናታችሁ ሆድ ውስጥ የማይገባው?»

ተቆጣ። «የእኔ እናት አይደለችም» አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰምቶት መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ነጅደት ያዘዘኝን ነው የምሠራው። ዝጋ ካለኝ ዛሬ እዘጋለሁ። ከእርስዎ ግን ትእዛዝ አልቀበልም።»

ስለዚህ ትእዛዙ የአንተ ነው። የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው። ዛፈር ቧንቧውን እንዲቆርጥና ከወይን ቦታው ዳር፣ ከመንደሩ በታች፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ እንዲያስቆፍር ጻፍለት። እስኪያልቅ ፔንሲዮኑ ይዘጋ። ሁለተኛው፣ ለእናትህ አንተው ንገራት። እኔ «ጉድጓዱ እየተጸዳ ነው፣ አትጠጪ» አልኳት። «ማን ነው የሚያጸዳው? ግቢዬ የገባ ሰው አላየሁም» አለችኝና እያየኋት ከጉድጓዷ ቀዳች። እውነተኛውን ምክንያት ካልሰማች ውሃዋን አትተውም። ቤቱ የአንተ ስለሆነ ከአንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው እኔ ዝም ያልኩት። ለረጅም ጊዜ ግን ዝም ልል አልችልም።

በስልክ ያልነገርኩህ የሱቁ ስልክ ሲጮኽ ግማሽ መንደር ስለሚሰበሰብ፣ የፔንሲዮኑም ስልክ ያለው ከዛፈር ጆሮ ስር ስለሆነ ነው።

ሙአመር


ደሊክካያ፣ ጁላይ 11 ቀን 1993

ነጅደት፣

አልመለስክልኝም። ለዛፈር ግን ስልክ ደውለህ ስለ አልጋ ልብስ ቀለም እንዳወራኸው ነግሮኛል። ደህንነትህን በዚህ አውቄ ደስ ብሎኛል።

እናትህ ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተኝታ ነበር። የጤና ጣቢያው ሐኪም ውሃ አፍልታ እንድትጠጣ ነገራት። «ሻይ ሳይፈላ ነው እንዴ የሚጠጣው?» ብላ ሳቀችበት። ጥሬውን በጣሳ እንደምትጠጣ፣ በእርሱም አፏን እንደምትጉመጠመጥ አልነገረችውም።

እየጠበቅኩ ነው።

ሙአመር


ዱይስቡርግ፣ ኦገስት 1 ቀን 1993

ለተከበሩ ጋሼ ሙአመር፣

እጆችዎን እስማለሁ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ፋብሪካው ሰው እየቀነሰ ነው፤ ፈረቃው ተምታቶብን ቀንና ሌሊቱ ጠፍቶብኛል። ብዕር ይዤ ተቀምጬ ሳልጽፍ የተነሳሁባቸው ቀኖችም አሉ፤ አልዋሽዎትም።

የጻፉትን አነበብኩ። ለባለቤቴ አላነበብኩላትም።

ጋሼ፣ በደንብ አስቤበታለሁ። አሁን መዝጋት አይቻልም። እንግዶቹ በዚህ ወር መጨረሻ ይገባሉ፤ የወኪሉን ውል ፈርሜያለሁ። በራሪ ወረቀቱም ታትሟል፤ የእርስዎን ጽሑፍ ልጠብቅ ብል ጊዜው አለፈ፣ ልጄ ከእርስዎ የመጀመሪያ ደብዳቤ እየቆነጠረ ጻፈው። ኦክቶበር ላይ፣ እንግዳ ሲጠፋ፣ ቃሌ ነው፣ አዲስ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። ሁለት ዓመት የቆየ ነገር በሁለት ወር ምን ይብሳል? ድንጋይ ደግሞ ያጣራል፤ እዚህ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ጠይቄ አረጋግጬአለሁ። እርስዎስ ሁለት ዓመት ጠጥተውት ይኸው በእግርዎ ቆመው ይሄዳሉ አይደል?

ለእናቴ በየሳምንቱ የታሸገ ውሃ እንዲወስድላት ዛፈርን አዝዤዋለሁ። ውድ ነው ብላ እንዳትቆጣ «የሐኪም ትእዛዝ ነው» ይበሏት። ምክንያቱን ግን እባክዎ አይንገሯት። ለማንም አይንገሩ። እርስዎ አገሩን ያውቁታል። አንድ ሰው ከሰማ በማግስቱ በየሻይ ቤቱ «ነጅደት እናቱን እንዲህ ያለ ነገር አጠጣት» ነው የሚባለው። የነገሩን ስም፣ ያችን ቃል፣ እዚህ ልጽፋት ሞክሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ስሜ በዚያች ቃል እንዲጠራ ይፈልጋሉ?

ሌላው፣ መንደርተኛው ሽታ ሽታ እያለ እንዳያወራ፣ አንድ ጊዜ ሻይ ቤት ብቅ ብለው «ዋሻውን መረመርኩት፣ ንጹህ ነው» ቢሉልኝ ትልቅ ውለታ ነው። እርስዎ ያሉትን ማንም አይጠራጠርም።

ነጅደት

በራሪ ወረቀቱን ለማየት ያህል አያይዤልዎታለሁ። የእናቴ ፎቶ ያማረ አይደለም?


ደሊክካያ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1993

ለነጅደት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። በራሪ ወረቀትህን አየሁት። የወንድሜ ልጅ ጀርመንኛ ስለሚያነብ ተረጎመልኝ። ከእናትህ ፎቶ ስር «ከሺህ ዓመቱ ጉድጓድ የተቀዳ ሻይ ከእናታችን እጅ» ይላል። ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፍ ውስጥ ላስቀምጠው አልኩና ከመጻሕፍቴ ጋር ሊነካካብኝ አልወደድኩም። ምድጃ ውስጥ ነው የከተትኩት።

ሻይ ቤት ሄጄ «ንጹህ ነው» አላልኩም። ቆሻሻ ነውም አላልኩም። የታሸገ ውሃህን እናትህ ለዶሮዎቿ አጠጣችው፤ «ሕይወት የለውም» አለች። እንግዶቹ እስኪመጡ ድረስ በየቀኑ ፖስታ ቤት ተመላለስኩ፤ ሐሳብህን ለውጠህ ይሆናል ብዬ።

መጡ። ዛፈር ከማለዳው ጀምሮ የሎሚ ኮሎኝ በጠርሙስ ይዞ ሦስተኛው ወለል ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ሲረጭ ነበር። ሽታ ላይ ሽቶ ሲጨመር ምን እንደሚወጣ ልገልጽልህ አልፈልግም። እንግዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው በታችኛው በር ሲወጡ እኔ እናትህ ግቢ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሴት ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መሀረቧ ውስጥ አስመለሳት። አክስቴ ሳቲ ሮጣ ያቀረበችላት ምን ይመስልሃል? ውሃ። ከጉድጓዷ፣ በጣሳ።

ጣሳውን ከሴትዮዋ እጅ ላይ ወሰድኩት።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለች እናትህ።

«መምህር፣ እባክዎ፣ እንግዳ ፊት!» አለ ዛፈር፤ ጥርሱን ለእንግዶቹ እያሳየ።

እንግዶቹ ቋንቋችንን ስለማያውቁ የአገር ጨዋታ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከመካከላቸውም የሻይ ብርጭቆ ያነሱ ነበሩ። እናትህ ለእኔም ቀድታ ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኩም።

«እጄ ቆሽሿል?»

«እጅሽ ንጹህ ነው አክስቴ። ውሃው ነው።»

«ውሃዬን ማን አቆሸሸው?»

ዝም አልኩ። ያን ጊዜም ቢሆን አንተ እንድትነግራት ፈልጌ ነበር።

«ዕድሜ ልክህን ልጅ ስትጠይቅ ኖረህ አንተ ስትጠየቅ ዝም ትላለህ? ማን ነው?»

«ከፔንሲዮኑ ነው የሚመጣው። ከሽንት ቤቱ።»

ወደ ዛፈር ዞረች። ዛፈር ጫማውን ያያል።

«ከነጅደት ቤት?»

«ከነጅደት ቤት።»

ከዚያ የጠየቀችኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ እንዳለች እጽፍልሃለሁ፤ «ልጄ ያውቃል?»

«ከጁን ጀምሮ ያውቃል» አልኳት።

አላለቀሰችም። የቀዳቻቸውን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ ከእንግዶቹ እጅ ሰበሰበች፤ ግማሽ የጠጡትንም ጭምር። ግቢዋ ውስጥ ካለው ሾላ ስር ልትደፋው ሄደች፣ ዛፉን አየችና ተወችው፤ አመድ ክምሩ ላይ ደፋችው። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ዛፈር ከኋላዋ «እማማ፣ ኦክቶበር ላይ እንዘጋዋለን፣ ነጅደት ቃሉን ሰጥቷል» እያለ ይከተላታል። ግቢህ ገብታ ጠፍጣፋውን ድንጋይ «አንሳው» አለችው። አነሳው። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ሳበችና ወደ ውስጥ አየች። እኔ ዞር ብያለሁ፤ እርሷ አልዞረችም።

«በዚህ ውሃ ለሶላት ውዱእ አድርጌያለሁ» አለች።

የሁለት ዓመት ሶላቷን እየከፈለች ነው ነጅደት። በዚያ ውሃ ባጠበቻቸው እጆች፣ በዚያ ፊት የሰገደችውን ሁሉ እንደገና ትሰግዳለች። ኢማሙ መጥቶ፣ «ሳታውቂ ነውና ተቀባይነት አለው፣ ራስሽን አትጉጂ» አላት። «አንተም በየጁምዓው እዚህ ሻይ ጠጥተሃል፤ ሂድና የራስህን አስብ» አለችው። ኢማሙ ቤቱ ገብቶ እንዳስመለሰው ሚስቱ ነገረችን። እናትህ ጉልበቷ ሲዝል ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች። ከሶላት ስታርፍ ደግሞ ወንበሩን ተሸክማ ፔንሲዮንህ በር ላይ ትቀመጣለች። እንግዳ ሲመጣ አፍንጫዋን በጣቶቿ ትይዝና በሌላው እጇ «ሂዱ» ትላለች። ይህን ጀርመኑም ጃፓኑም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ዛፈር ሊያነሳት ቢሞክር ታችኛው ሰፈር በሙሉ ወጣበት።

አሁን መንደሩ ሁሉ አውቋል። የፈራሃትን ቃል ይሏታል፤ አልዋሽህም። እናትህ ፊት ግን ማንም አይላትም። አንዱ ጎረምሳ ሊቀልድ ቢጀምር በምርኩዟ ነው ያስቆመችው። ስምህን አሁንም የምትጠብቅልህ እርሷ ናት።

ቧንቧው አልተቆረጠም። እኔና ጎረቤቶቿ ልንቆርጠው መጋዝ ይዘን ሄደን ነበር፤ እርሷ ናት የከለከለችን። «ማንም አይንካው። ያበጀው መጥቶ በእጁ ይዝጋው፤ ጉድጓዱንም ወርዶ በእጁ ይጥረገው» አለች። ያንን መስኮት፣ ያንን ግድግዳ ላይ የተጋገረ ነገር አስብ። እኔ አይቼዋለሁና የምትጠይቅህን አቅልዬ አላየውም። እስከዚያ ድረስ ስትደውል ወደ ስልክ አትመጣም፤ የጠላችውን የቧንቧ ውሃ አፍንጫዋን እየነፋች ትጠጣለች። ሐኪሙ ሰውነቷ ሌላ ክረምት የሚችል አይመስልም ብሎኛል። ወንበሩ ላይ ከፀሐይ ጋር እየተጋፋች፣ ቀኑን ሙሉ እየሰገደች፣ ከማን ጋር እልህ እንደተያያዘች ታውቃለህ።

ከእንግዲህ ስለ በራሪ ወረቀት፣ ስለ ወኪል፣ ስለ ፈረቃ እንዳትጽፍልኝ። የምትመጣበትን ቀን ጻፍ። የማትመጣም ከሆነ አልመጣም ብለህ ጻፍ፤ ያን ጊዜ እናትህ እምቢ ብትለኝም መጋዙን ይዤ እሄዳለሁ። መልስህን ከወይን ለቀማው በፊት እፈልገዋለሁ። ይህን እንዳነበብክ፣ ከተቀመጥክበት ሳትነሳ፣ መልስልኝ።

ሙአመር